ነሐሴ ነው የሚያበላኝ

ሰው ሥዕል እየሸጥኩ የምኖር ይመስለዋል። ሥዕልም እሸጣለሁ። የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ ግን የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ስሜን ባያውቀውም ከዝሆኖቼ አንዱን ሳያየው አይቀርም።

ሰሞኑን ሥነ ጥበብ ተምረው የወጡ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ "በሥዕል ብቻ ትኖሪያለሽ? እንዴት አድርገሽ?" ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚመለስ ስላልሆነ እዚህ ልዘርዝረው።

ከነሐሴ ልጀምር። የግል ትምህርት ቤቶች መስከረም ከመጥባቱ በፊት ይታደሳሉ። ባለቤቶቹ ምዝገባ ሊጀምር ሲል ግቢያቸውን ዞር ዞር ብለው ያያሉ። ያምናው ቀለም ተልጧል፤ ማዶ ያለው ተፎካካሪ ደግሞ አጥሩን ሳይቀር አሳምሯል። ያን ጊዜ የእኔ ስልክ ይጠራል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይጀምርና እስከ ጳጉሜ አያቆምም። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ "አስቸኳይ ነው!"

ችግሩ ነሐሴ የዝናብ ወር መሆኑ ነው። ቀለም ከማሳረፌ በፊት መዳፍ የሚያህል ላስቲክ ቆርጬ፣ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፌ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ስመጣ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ላብ ይዞ ካገኘሁት ግድግዳው አልደረቀም ማለት ነው። ዳይሬክተሯ ብትቆጣም ብሩሽ አላነሳም። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተሳለ ሥዕል ጥር ላይ እንደ ድንች ልጣጭ ይነሳል። አብሮ የሚነሳው የእኔ ስም ነው።

ከታች እስከ አንድ ሜትር ድረስ የዘይት ቀለም ነው የምጠቀመው። የልጆች እጅ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ስለሆነ በሳሙና መታጠብ አለበት። ከዚያ በላይ ፕላስቲክ ቀለም ይበቃል። የእንስሳቱን ዓይን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አስገባለሁ። ዓይን ከገባለት በኋላ የክረምት ትምህርት የሚማሩት ልጆች መጥተው ስም ያወጡለታል። ስም ከወጣለት ወዲያ አፍንጫውን ላስተካክል ብል የሚሰማኝ የለም።

ሁሉም ትምህርት ቤት የሚፈልገው የፈረንጅ ካርቱን ነው። እኔ ደግሞ አባ ኮዳ ካልሳልኩ እላለሁ። አንዷ ባለቤት፣ "የኔ እህት፣ ልጆቹን ልታስፈራሪብኝ ነው እንዴ?" አለችኝ። አባ ኮዳ ቆንጆ ወፍ ነው ብዬ አልከራከርም። ራሱ መላጣ ነው፤ አንገቱ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎበታል። ግን የሐዋሳ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ሲበላ፣ ከጎኑ ቆሞ ትርፍራፊ የሚጠብቀው እሱ ነው። በመጨረሻ ዩኒፎርም አልብሼ፣ ቦርሳ አሸክሜ፣ አንድ እግሩን ደረጃ ላይ አስረግጬ ሳልኩት። አሁን የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች "አባ ኮዳ ጋ ጠብቂኝ" ይባባላሉ። የባለቤቷ እህት ደግሞ ለራሷ ትምህርት ቤት አንድ አዘዘችኝ፤ መነጽር ያለው ይሁንልኝ ብላ።

ይሄን ሥራ የሚንቁ አሉ። "አንቺ እኮ ቀለም ቀቢ ሆነሽ ቀረሽ" ያለኝ አብሮ አደግ ጓደኛ አለኝ። ቀለም ቀቢ መባል አያስከፋኝም። ስቱኮ አሳምሮ የሚለስን ቀቢ ስንቱን ሠዓሊ ያስንቃል። ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንስ በምን ኖሩ? በትእዛዝ አይደል? የድሮ ሥዕሎችን ግርጌ ተመልከቱ፤ ያሠራው ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ተስሎ፣ ስሙ ከጎኑ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። እሱም የታዘዘ ሥራ ነው።

እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ እጅ ሲያጥር ዋጋ መስበርን። ኪራይ ደርሶብኝ ሸራዬን በሰጡኝ ብሸጠው፣ በማግስቱ የሚመጣው ገዢ ያንን ዋጋ ሰምቶ ነው የሚመጣው። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። የነሐሴው ብር ባንክ ካለ ግን "ይሄ ዋጋው ነው" ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ገዢው ከሄደም በሰላም ይሂድ።

የቀረው ዓመት የየራሱ ጠባይ አለው። መስከረም ሁሉም ሰው ብሩን ደብተርና ዩኒፎርም ላይ ጨርሶ ስለሚገባ ማንም ሥዕል አይገዛም። ጥቅምትና ኅዳር የራሴ ናቸው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው። ያን ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል፤ አልጋ አይገኝም። በዚያ ግርግር ትልቅ ሸራ ይዞ መውጣት ድካም ነው። በአውቶቡስ የመጣ ሰው የሚገዛው ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚመለሰውን ነው። ስለዚህ ደብተር የሚያህሉ ሥራዎችን አዘጋጃለሁ፤ ሐይቁን፣ የታቦርን ተራራ፣ ጀልባዎቹን። ሐምሌ 19 በዓሉ ይደገማል፤ ዝናብ ስላለ የእኔ ገበያ ግን ያን ያህል አይደለም።

ጥር የሠርግ ወር ነው። ከስልክ ፎቶ እያየሁ የሙሽሮችን ፖርትሬት በእርሳስ እሠራለሁ። የሙሽራዋ እናት ሁልጊዜ "ትንሽ ቀላ አድርጊልኝ" ትላለች። አላደርግም። ጾም ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ሰኔ ላይ የተመራቂ ቤተሰብ ይመጣል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ደግሞ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። አያንቶዎቹ፣ ዘመን ቆጣሪዎቹ የሲዳማ አባቶች፣ ኮከብ አይተው ነው የሚያሳውቁት። ሆቴሎች የበዓሉን ሥዕል የሚያዙኝ ቀኑ ከታወቀ በኋላ ነው፤ እና እነሱም እንደ ትምህርት ቤቶቹ "አስቸኳይ ነው" ይላሉ።

ከዚህ የተሻለ ጊዜም ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ከተመረቀ በኋላ ከተማው ውስጥ የውጭ ዜጎች በዙ። ለተከራዩት አፓርታማ ትልልቅ ሸራ ይገዙኝ ነበር፤ ብዙም አይከራከሩም። ከዚያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ አስወጣች፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ። ፋብሪካዎች ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው ደንበኞቼም አንድ በአንድ ሻንጣቸውን ሸከፉ። አንዱማ ከሄደ አይቀር ብሎ የገዛኝን ሥዕል በግማሽ ዋጋ መልሼ እንድገዛው ጠየቀኝ። ገዛሁት። በኋላ ለአንድ የጥርስ ሐኪም በሙሉ ዋጋ ሸጥኩት። ከዚያ ወዲህ ግን የገቢዬን አብዛኛውን ክፍል ነገ በሚሳፈር ሰው ላይ አልጥልም።

የቀለሙስ ነገር! ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አክሬሊክ ቱቦ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ባለሱቁ የድሮውን ዋጋ ያየሁበትን ወረቀት ከመስኮቱ አንስቶት ነበር። የተወጠረ ሸራ መግዛት ያኔ አቆምኩ። አቡጀዲ ገዝቼ፣ እንጨት ቤት ባስመታሁት ፍሬም ላይ ራሴ እወጥራለሁ። ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ከኮላ ጋር በጥብጬ አንዴ ወደ ጎን፣ ሲደርቅ አንዴ ወደ ታች እቀባዋለሁ። በብርጭቆ ወረቀት እፍቀውና እደግመዋለሁ። ጣት ሲነካው መሻከር አለበት። ጭራሽ ከለሰለሰ ቀለሙ ይንሸራተታል።

ስለ ክፍያ ላውራ፤ ልጆቹ ማወቅ የሚፈልጉት እሱን ይመስለኛል። ያለ ቀብድ አልጀምርም። ግማሽ ስጀምር፣ ሩብ ረቂቁ ግድግዳው ላይ ሲታይ፣ የቀረው ሲያልቅ። ዋጋውን በካሬ እናገራለሁ። ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ሴራሚክም ቀለምም በካሬ ስለገዛ ሒሳቡ ወዲያው ይገባዋል። "ስንት ቀን ይፈጅብሻል?" ብሎ በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ሊያሰላኝ የሚሞክረውን ግን እዚያው ነው የማስቆመው። ዘመድና ጎረቤት ይከብዳል። "ለማስታወቂያ ይሆንሻል፣ ሰው ያይልሻል" ይሉኛል። ለእነሱ ትንሿን ሥዕል በነጻ እሰጣለሁ እንጂ ትልቁን በቅናሽ አልሰጥም። በነጻ የሰጡት ስጦታ ነው፤ የቀነሱት ግን ዋጋ ሆኖ ይቀራል።

ሆቴልና ድርጅት ሲሆን ሌላ በር አለ፤ ሒሳብ ክፍል። ባለቤቱ ሥዕሉን ወዶ፣ ቦታውን መርጦ፣ እጄን ጨብጦ ይሄዳል። ከዚያ ሒሳብ ሹሟ ቀና ሳትል "እህት፣ ደረሰኝ አለሽ?" ትላለች። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥር ለማያቀርብ አቅራቢ ከፋዩ ድርጅት 30 በመቶ ቆርጦ እንዲያስቀር ያዛል። ከአንድ ሥዕል ሲሶው ሊሄድ ነው ማለት ይቻላል። ንግድ ፈቃድና ቲን ማውጣት ወረፋው ያሰለቻል፣ በየዓመቱ ማሳደሱም እንደዚያው። ግን ያለ እሱ ትልቁ ገዢ በር ላይ ይመለሳል።

ውልም አለ። አንድ ካፌ የሳልኩለትን ግድግዳ ስኒው ላይ አትሞት አየሁ። ቡናዬን ያቀረቡልኝ በራሴ ሥዕል ነው! የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ለሠዓሊ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ታዝዞ ወይም ተቀጥሮ በተሠራ ሥራ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ ባለቤቱ አሠሪው ነው። ስለዚህ አሁን ውሌ ላይ አንድ አንቀጽ አለች፤ ሥዕሉ ከግድግዳው ውጭ የትም ቢታተም በተጨማሪ ክፍያ እንደሆነ የምትል። አብዛኛው ሰው ሳያነባት ይፈርማል። አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ግን አንብቦ፣ ስቆ፣ ለብሮሹሩም ከፈለኝ።

ገቢዬ ሲመጣ በጎርፍ፣ ሲቀር በድርቅ ስለሆነ ደመወዝ የምከፍለው ለራሴ ራሴ ነኝ። የነሐሴውን ባንክ አስገብቼ በየወሩ እኩል አወጣለሁ። እቁብም አለኝ፤ ሰፈር ካሉ የባልትና ነጋዴዎች ጋር። እነሱ በየሳምንቱ ይሸጣሉ፣ እኔ አልሸጥም። ሳምንት ስንት ጠብ እንደሚልልኝ ሳይሆን እቁቡ ስንት እንደሚጠይቀኝ አስቤ ነው የማድረው። ሰብሳቢያችን ቀልድ አያውቁም። "ልጄ፣ መንፈስሽ እስኪመጣ እቁብ አይጠብቅም" ብለውኛል።

ጥቅምትና ኅዳር እንግዲህ ትእዛዝ አልቀበልም። አሁን የያዝኩት የባጃጅ ውስጥ ነው። የሐዋሳ ባጃጆችን ከውጭ ለመለየት ታርጋ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከውስጥ ግን ሁለት ተመሳሳይ አታገኙም። ቀይ የከፋይ ጨርቅ የለበሰ ጣሪያ፣ ከመሪው በላይ የገብርኤል ሥዕል፣ ከጎኑ የኳስ ተጫዋች ስቲከር፣ በፊት መስታወቱ ዙሪያ የሚወዛወዝ ዘርፍ። ተሳፍሬ ስሄድ በእርሳስ እይዘዋለሁ፤ ቤት ገብቼ አቡጀዲው ላይ አሰፋዋለሁ። አንዱ ሾፌር ዞር ብሎ "ከፋዩን ስለሽ እኔንስ አትስዪኝም?" አለኝ። እውነቱን ነው። ከእሱ የሚታየው ትከሻውና መስታወቱ ውስጥ ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። ከእነዚህ እስካሁን የተሸጠ የለም። ዋጋቸውን ግን አልቀነስኩም።

"አዲስ አበባ ግቢ" የሚለኝም አይጠፋም። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሥራ ጠቅልሎ መላክ ይቻላል፤ ልኬም አውቃለሁ። ጋለሪው ድርሻውን ይወስዳል፤ ተገቢም ነው፤ ገዢውን ያመጣው እሱ ነው። እዚያ ብገባ ግን እዚህ የምከፍለው ኪራይ አንድ ክፍል እንኳ አይገዛልኝም። የነሐሴ ስልኬን የሚደውሉልኝ ሰዎችም እዚህ ናቸው።

ዘንድሮ ለታኅሣሥ ገብርኤል የምሞክረው አዲስ ነገር የባጃጆቹን ሥዕሎች በፖስት ካርድ አሳትሞ መሸጥ ነው። አነስ ያለ ዋጋ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ። የመጀመሪያው ናሙና ላይ ቀዩ ከፋይ ወደ ብርቱካን ሄዶብኛል። ማተሚያ ቤቱ "ማንም አያስተውለውም" አለኝ። እኔ አስተውያለሁ፤ ስለዚህ ሌላ ናሙና ለማክሰኞ ቀጥረውኛል።