የኢንተርኔትን ቀደምት እድገት በግራፍ ሳጠና እስካሁን የደረስኩበት

የኢንተርኔትን የመጀመሪያ ዓመታት እድገት በቁጥር ለመከታተል ስነሣ ያስቀደምኩት ከኔትወርኩ ጋር የተገናኙትን ኮምፒውተሮች ብዛት በግራፍ ማስፈር ነበር። በኦገስት 1981 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 213 የነበሩት፣ በኦክቶበር 1984 1,024፣ በኦክቶበር 1989 159,000፣ በኦክቶበር 1992 ደግሞ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። በተራ ልኬት ሲሣል የ1980ዎቹ መጀመሪያ ምንም ያልተከናወነበት ዘመን ይመስላል፤ በሎጋሪዝም ልኬት (እኩል ርቀት እኩል ብዜትን በሚያሳይበት፣ ለምሳሌ ከ10 ወደ 100 እና ከ100 ወደ 1,000 ያለው ርቀት እኩል በሆነበት) ሲሣል ግን ብዛቱ ገና ከጅምሩ በፍጥነት ሲባዛ እንደነበር በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ይህን ጥናት ለምትጀምሩ ሁሉ ከሎጋሪዝሙ እንድትነሡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ይሁን እንጂ የኮምፒውተሮቹ ብዛት መስመሮቹ ምን ያህል ጭነት እንደተሸከሙ አይናገርም፤ ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝም በዚሁ ረገድ ያገኘሁት የኦክቶበር 1986 ክስተት ነው። በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ ርቀታቸው 400 ሜትር እንኳ በማይሞላ ሁለት ቦታዎች፣ የመረጃው ፍሰት በሴኮንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። መስመሩ ሲጨናነቅ ፓኬቶች (መረጃው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ትናንሽ ጥቅሎች) ይዘገያሉ ወይም ይጠፋሉ፤ ላኪዎቹ መልስ ባለማግኘታቸው ያንኑ ፓኬት ደግመው ይልካሉ፤ ድግግሞሹም መጨናነቁን ያባብሰዋል። ተመራማሪዎቹ ቫን ጃኮብሰንና ማይክል ካሬልስ ያቀረቡት መፍትሔ ላኪው ኮምፒውተር በጥቂት ፓኬት ጀምሮ፣ የመድረሻ ማረጋገጫ ባገኘ ቁጥር እንዲጨምር፣ ፓኬት ሲጠፋ ደግሞ መጠኑን በግማሽ እንዲቀንስ የሚያደርግ ነበር። መፍትሔው የተተከለው በመስመሩ ላይ ሳይሆን በላኪዎቹ ሶፍትዌር ውስጥ መሆኑን እንደ ታላቅ ብልሃት እቆጥረዋለሁ።

ቀጥሎ የመረመርኩት በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰፊው የተነገረውን፣ የኢንተርኔት ትራፊክ (በመስመሮቹ የሚያልፈው የመረጃ መጠን) በየ100 ቀኑ እጥፍ ይሆናል የሚለውን አባባል ነው። ሲሰላ በዓመት ከ12 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ኬሪ ኮፍማንና አንድሪው ኦድሊዝኮ በ1998 እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለ ፍጥነት የታየው በ1995 እና 1996 ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ትራፊኩ በየዓመቱ በግምት ወደ ሁለት እጥፍ ያድግ ነበር። ይህም ቢሆን እጅግ ፈጣን እድገት ነው።

አሁን የያዝኩት ትራፊኩን በአገልግሎት ዓይነት መለየት ነው፤ በተለይም በ1995 ድር (ዌብ) በኤንኤስኤፍኔት (በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ዋና ኔትወርክ) ላይ የፋይል ዝውውርን በመጠን የበለጠበትን ወቅት በወር በወር ማስፈር።