ከትምህርት ክፍሉ ውጭ የሚሠራ ሥራ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ምን ፈየደ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የተመራቂዎቹ ቁጥር ነው። ዛሬ በአንድ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ስውል የታዘብኩት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለጠበቃ የምትከፍለው በማጣቷ የልጆቿን የቀለብ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳታቀርብ የቆየች እናት፣ የልደት የምስክር ወረቀቶችን በፌስታል ጠቅልላ መጥታ ነበር። የመጨረሻ ዓመት ተማሪው አቤቱታውን ጽፎ ሲያነብላት የባሏን የሥራ ሁኔታ በሚገልጸው አንቀጽ ላይ አስቁማ አረመችው፤ እሱም ሳያቅማማ እንደገና ጻፈው። በእኔ እምነት በዚያች ቅጽበት የተማሩት ሁለቱም ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ እውቀቱን ከግቢው ውጭ ላለው ሕዝብ ያድርስ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣችው የሞሪል ሕግ የግብርናና የቴክኒክ ትምህርት የሚሰጡ ኮሌጆች በመንግሥት መሬት ድጋፍ እንዲቋቋሙ አድርጋለች፤ የ1914ቱ የስሚዝ-ሌቨር ሕግ ደግሞ እውቀታቸው በኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት ገበሬው ዘንድ እንዲደርስ አስችሏል።

ቅር ያሰኘኝ ተማሪዎቹ ለዕረፍት ሲበተኑ ማዕከሉም አብሮ መዘጋቱ ነው። ቀጠሮ የተያዘላቸው መዛግብት ባለቤት እንዳያጡ፣ ክረምቱን የሚከታተላቸው ቋሚ ባለሙያ ሊመደብ ይገባል።