«ኬታሚን ግፊት አይጥልም» የሚባለው እስከ የት ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ በሰመመን ሙያ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ተሻሽያለሁ ብዬ በሙሉ አፌ የምናገረው የተዳከመ ታካሚን በማስተኛት ነው። እንደ ኬታሚን ሁሉ ማስተኛ መድኃኒት የሆነውን የፕሮፖፎልን ጠባይ ታውቁታላችሁ፤ ለጤነኛ ሰው የሚሰጠው በኪሎ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊግራም ብዙ ደም የፈሰሰውን ሰው ግፊት ክፉኛ ያወርዳል። ሌላው ማስተኛ ታዮፔንታልም ከዚያ አይሻልም። ኢቶሚዴት የሚባለው ማስተኛ ግፊት በመጠበቅ ይመሰገናል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ቢሰጥ እንኳ ሰውነት ሕመምን የሚቋቋምበትን ሆርሞን፣ የኮርቲሶልን ምርት ለሰዓታት ስለሚያፍን በሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ) ላይ ያከራክራል። ደግሞስ በእኛ መደርደሪያ ላይ መቼ ታይቶ!

ያስቸገረኝ የምወደው ኬታሚን ነው። ግፊት የሚያነሣው ሰውነት ያለውን ኖራድሬናሊን (የደም ሥርን አጥብቦ ግፊት የሚያነሣ ንጥረ ነገር) እንዲለቅ በማድረግ ነው እንጂ በቀጥታስ የልብ ጡንቻን ያደክማል። አንጀቱ ተጠምዝዞ ቤቱ ሰንብቶ ከመንዝ የሚመጣ አዛውንት ያንን ክምችት አሟጦ ነው የሚደርሰው። ለእሱ በኪሎ 2 ሚሊግራም መስጠት ኩበት ያለቀበትን ምድጃ ማራገብ ነው።

ስለዚህ ፈሳሽ አስቀድሜ፣ ኬታሚኑን በሚሊሊትር ወደ 10 ሚሊግራም አቅጥኜ፣ በኪሎ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊግራም ቀስ እያልኩ እሰጣለሁ። የደም ዝውውሩ ስለሚዘገይ እንቅልፉም ይዘገያል፤ ቸኩሎ መጨመር ክልክል ነው። ጡንቻ የሚያላላውን ሳክሲኒልኮሊን ግን አልቀንስም። ግፊት ቢወርድ የማነሣበት አንድ ሚሊግራም አድሬናሊን በ100 ሚሊሊትር ሳላይን ቀጥኖ፣ በሲሪንጅ ተቀድቶ፣ ፕላስተሩ ላይ «በሚሊ 10 ማይክሮግራም» ተጽፎበት ከጎኔ ካልተቀመጠ አልጀምርም። ቀዶ ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እየሠሩ ቅድመ ኦክስጅንን (ከማስተኛት በፊት የሚሰጠውን ኦክስጅን) ማሳጠርም አይገባኝም።

የሚትራል ቫልቯ (በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) በሩማቲክ ሕመም ለጠበበ እናት ግን ኬታሚን አላነሣም። ልብ በፈጠነ ቁጥር ግራው የታችኛው ክፍል የሚሞላበት ጊዜ ያጥራል፤ ደሙም ሳንባ ላይ ይከማቻል። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሆነውን ፌንታኒል አስቀድሜ ፕሮፖፎሉን በጥቂት በጥቂቱ እሰጣለሁ፤ እሱም ቢሆን ልቤን አያሳርፈውም፤ ግፊቷ ቢወርድ ከጎኔ ያለው አድሬናሊን ራሱ ልብ አፍጣኝ ነውና። ለእሷ የሚሻለው ልብ ሳያፈጥን ግፊት የሚያነሣው ፌኒሌፍሪን ነበር፤ እሱን በወጉ አግኝተን አናውቅም። እናንተ ፌኒሌፍሪን በሌለበት ጊዜ በምን እንደምትወጡት ጻፉልኝ።