ዛሬ ሐረጎ ላይ

ዛሬ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሞተር ስወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አላህ አተረፈኝ። ካፊያው አስፋልቱን አርሶታል፤ ኩርባውን ስጨርስ ፊት ለፊቴ የቆመ አይሱዙ። ደንግጬ የኋላውን ፍሬን በሙሉ እግሬ ረገጥኩት። ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተት ጀመር፤ የሞተሩ ቂጥ ወደ ገደሉ በኩል ሲሄድ ከስሬ ይሰማኛል። እግሬን ለቀቅ አድርጌ የፊቱን በሁለት ጣት ቀስ በቀስ ጨመቅኩት። ከአይሱዙው አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ።

ብዙዎቻችን "የፊት ፍሬን ይገለብጣል፣ አትንካው" ተብለን ነው የለመድነው። ፍሬን ስንይዝ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊት ጎማ መሬቱን ይነክሳል፣ የኋላው ይቀላል። ዋናው የማቆም ጉልበት የፊቱ ነው። የሚጥለን ባንዴ መጨበጡ ነው። መጀመሪያ ለስለስ፣ ክብደቱ ፊት ላይ ሲያርፍ ጠንከር፤ የኋላው ደግሞ እያገዘ። እርጥብ ላይ ሁሉንም ቀለል፣ ርቀቱንም ሰፋ ማድረግ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት ፍጥነቱን መቀነስ የነበረብኝ ኩርባው ውስጥ ሳልገባ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነበር።

ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥታችሁ ሐረጎን የምትወርዱ ወንድሞቼ፣ በእናታችሁ ተዉት። ፍሬኑ ብቻውን ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል ጉልበቱ ይከዳል። ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡና ኢንጂኑ ፍጥነቱን ይያዝላችሁ።

ኮምቦልቻ ገብቼ ሻይ ሳነሳ እጄ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።