ካፓሲተር ሳይገለበጥ እንዴት እንደምገጥም፦ ጅማ ላይ ከሠራሁት የአምፕሊፋየር ፓወር ሳፕላይ

ጅማ ውስጥ ለጥገና የምጠቀምባቸው ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ብዙዎቹ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀሉ ናቸው። እግራቸው እኩል ተቆርጧል፤ ስለዚህ «ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው» የሚለው ምልክት አይሠራም። የሚቀረው ጎኑ ላይ ያለው መስመር ነው። በአሉሚኒየም ኤሌክትሮሊቲክ (ውስጡ ፈሳሽ ባለበት የካፓሲተር ዓይነት) ላይ መስመሩ ያለበት እግር ኔጋቲቭ ነው። ጽሑፉ የጠፋበትን ግን አልገጥምም፤ በግምት የሚገባ ካፓሲተር ዋጋው ከአዲስ ይበልጣል።

ታንታለም በሚባለው የካፓሲተር ዓይነት ላይ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ መስመሩ የሚያሳየው ፖዘቲቩን ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በሙሉ እምነት ገልብጦ ይበይደዋል፤ ታንታለም ሲገለበጥ ደግሞ እሳት ሊፈጥር ይችላል። ሴራሚክና ፊልም ካፓሲተር በየትኛውም በኩል ቢገባ ችግር የለውም።

የሠራሁት ፓወር ሳፕላይ 12-0-12 ትራንስፎርመር (ከመሃል ሽቦው ወደ ሁለቱም ጫፍ 12 ቮልት ኤሲ የሚሰጥ)፣ አራት 1ኤን5408 ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) እና ሁለት 2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያለው ነው፤ ድምፅ ለሚያጎላው ቲዲኤ2050 አይሲ የሚሆን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቮልት ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ግራውንድ (የጋራው ዜሮ መስመር) ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ይመስለዋል። በፖዘቲቩ መስመር ላይ ያለው ካፓሲተር ኔጋቲቭ እግሩ ግራውንድ ላይ ያርፋል፣ ልክ ነው። በኔጋቲቩ መስመር ላይ ያለው ግን ግራውንድ ላይ የሚያርፈው ፖዘቲቭ እግሩ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ መስመር ጋር ሲነጻጸር ግራውንዱ ከፍ ያለ ነው። ሁለቱንም ካፓሲተር በአንድ አቅጣጫ አሰልፎ የበየደ አንዱን ገልብጦታል። እኔ ከመበየዴ በፊት ቦርዱን ያለ ካፓሲተር ለአፍታ አብርቼ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል በቴስተር እለካለሁ። ቴስተሩ ላይ የመቀነስ ምልክት ካልታየ ፖዘቲቩ የሚገባው ቀዩ ገመድ ያለበት ቀዳዳ ላይ ነው።

ሲገለበጥ ምን ይሆናል? ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ፎይል ላይ እንደ መከላከያ የሚያገለግል ስስ ኦክሳይድ አለ። ቮልቱ በተቃራኒ ሲመጣ ኦክሳይዱ ይፈርሳል፣ ካፓሲተሩ ከረንት ማሳለፍ ይጀምራል፣ ፈሳሹ ይሞቃል፣ ጋዝ ይጠራቀማል። አናቱ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ጭረት በዚያ ግፊት እንዲከፈት የተሠራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲበራ ፊትን ከላዩ ማራቅ ግድ ነው።

ቮልቱም እንደ አቅጣጫው ያስቸግራል። 12 ቮልት ኤሲ በዳዮድና በካፓሲተር ወደ ዲሲ ሲቀየር 12 አይቀርም፤ በ1.41 ተባዝቶ 17 ገደማ ይሆናል፣ ዳዮዱ 0.7 ይወስድና 16.3 ይተርፋል። 16 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር ከመነሻው አይበቃም ማለት ነው። የሶኬቱ ኤሌክትሪክ ወደ 240 ከፍ ሲል ደግሞ 17.8 ይደርሳል። እኔ የገጠምኩት 25 ቮልት ነው፤ 35 ቢገኝ የተሻለ ነው። ሙቀቱም 105 ዲግሪ የተጻፈበት ከ85ቱ ይመረጣል።

መጀመሪያ ያበራሁት አይሲውን ሳላስገባ፣ በ220ው በኩል 60 ዋት ባለ ክር አምፖል በተከታታይ አስገብቼ ነው። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው። ፈክቶ ከቀረ ወዲያው መንቀል፤ ካፓሲተር ወይም ዳዮድ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከግራውንድ ወደ ሁለቱም መስመር ለካሁ፤ አንዱ ከሌላው ብዙ ከራቀ ዝቅ ያለውን መስመር ካፓሲተር እፈትሻለሁ።

ነቅሎ እንደገና ከመንካት በፊት የቀረውን ቻርጅ በሬዚስተር ማውጣት ያስፈልጋል። በካቻቢቴ ጫፍ ሁለቱን እግሮች አገናኝቶ ሾርት ማድረግ እግሩን ያቃጥላል። የቴሌቪዥን ፓወር ሳፕላይ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 310 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ እሱን በ2.2 ኪሎኦም 5 ዋት ሬዚስተር አወጣለሁ፣ ከዚያም በቴስተር ዜሮ መሆኑን ሳላይ እጄን አላስገባም።