የጣሳው ሁለት ብር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እናቴን በ2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ ቀበርናት። የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ፣ ጣልያን በ1928 ሲገባ ጡት ያልጣለች ሕፃን እንደነበረች፣ ስድስት ልጆች ወልዳ አሥራ አንድ የልጅ ልጆች እንዳየች፣ ታታሪ ሴት እንደነበረች ተነገረ። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ወተት ዱቄቱ ጣሳ ግን ማንም አላነሳም፤ ምስጢሩን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለምና። ስለዚህ የተደረገልኝን ልመስክር።

አባታችን ትንንሽ ሳለን ነው ያረፈው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች መናኸሪያው አጠገብ ላሉ ምግብ ቤቶች በማስረከብ አሳደገችን። ናዝሬትን የሚያውቅ (እርሷ እስከ መጨረሻዋ አዳማ ብላ ጠርታት አታውቅም) ነፋሱን ያውቃል፤ ከማድቤት የወጣውን ጭስ መልሶ ፊት ላይ ይደፋዋል። ሙቀቱ ሊጡን ሳያኮመጥጥባት ለመጨረስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ትነሳለች። ምጣዱን በጎመን ዘር ታስሳለች፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞረች ታፈሳለች፣ አክንባሎውን ትደፋለች። የምትጸልየው ያኔ ነው። ጸሎቷ ከአንድ እንጀራ አይረዝምም፤ አክንባሎው ሲነሳ «አሜን» ትላለች። የልጅ ልጆቿ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲገዙላት ሰባ ዓመት አልፏት ነበር። ጭስ ያልነካው እንጀራ ምን ይጣፍጣል ብላ አንድ ወር አኮረፈችው፤ በኋላ ዓይኗ ማንባቱን ሲተው ታረቀችው።

ጋሼ፣ የበኩር ልጇ፣ በ1980 ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ደብዳቤው እየዘገየም ቢሆን ይደርሰን ነበር። የካቲት 1982 ምጽዋ ከተያዘች በኋላ ግን ጨርሶ ቆመ። አንዳንድ ጎረቤቶች እርሟን እንድታወጣ በዘወርዋራ ነገሯት። እርሷ የወተት ዱቄት ጣሳ ፈልጋ ክዳኑን በቢላዋ ሰነጠቀችና ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች፤ ልጄን በዓይኔ ካሳየኸኝ ጃንጥላ ይዤ፣ ይህንንም ሞልቼ ደጅህ እመጣለሁ አለች። ከዚያ ወዲህ ከየዕለቱ ሽያጭ የተወሰነው እዚያ ይገባል። ቆሎ ቆርጥመን ያደርንበት ሳምንት ነበረ፤ ጣሳው አልተነካም። ያን ጊዜ ጨካኝ መስላኝ ነበር።

እኔ ግን ነካሁት። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የሰፈር ልጆች ኳስ ሊገዙ ያዋጣሉ። ጣሳውን ዘቅዝቄ፣ ስንጥቁ ውስጥ ቢላዋ ከትቼ፣ እየነቀነቅሁ ሁለት ባለ አንድ ብር ኖት አወጣሁ። ኳሱ በሳምንቱ እሾህ ላይ ወድቆ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ፤ ጋሼ የማይመጣው የገብርኤልን ገንዘብ ስለሰረቅሁ ነው አልኩ። «አሜን» በሰማሁ ቁጥር ትራሱን ጆሮዬ ላይ እጭነዋለሁ። ለንስሐ አባታችን እንኳ አልተነፈስሁም።

ግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በከተማችን ያልፍ ጀመር። ጫማ የሌለው አለ፣ በዱላ የሚደገፍ አለ። እናቴ የምግብ ቤቶቹን ድርሻ ቀንሳ እንጀራውን በሰፌድ ይዛ መንገድ ዳር ትቆማለች። አንዱን አጉርሳ የጋሼን ፎቶግራፍ ታሳየዋለች። በልተው ይመርቋታል፣ አላየነውም ብለው ይሄዳሉ። እኔ ውኃውን ተሸክሜ ከኋላዋ እቆማለሁ፤ የእያንዳንዱ ወታደር መልስ ለእኔ የተፈረደ ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ 19፣ በገብርኤል ዕለት፣ መጣ ብል ለምስክርነቴ ባማረ። አልመጣም። የመጣው በነሐሴ መጀመሪያ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አመሻሽ ላይ ነው። ተማርኮ በረሃ ሰንብቷል፤ ጉንጩ ከአጥንቱ ተጣብቋል። እናቴ እልልም አላለች፣ አልጮኸችም። ሊጥ በነካው እጇ ጆሮውን ዳሰሰች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፣ ከዚያ ነው ጉልበቷ የከዳት። ጎረቤት ዶሮ ይዛ ስትመጣ፣ «ገብርኤል ያመጣልኝን ልጅ ጾም አስፈትቼ ልቀበለው?» ብላ መለሰቻት። ሽሮ ሠራችለት። ጋሼ እያለቀሰ አምስት እንጀራ በላ፤ ቆጥሬያለሁ።

በዚያ ዓመት መንገዱ አያስተማምንም ብለን አስቀረናት። በ1985 ታኅሣሥ ግን የሚያስቆማት አልነበረም። ጋሼ ከሥራው ፈቃድ ስላላገኘ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። የድሬዳዋው ባቡር በምእመናን ታጭቆ፣ ሴቶች እየዘመሩ፣ እርሷ ጣሳውን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋለች። አዋሽን ካለፍን በኋላ መዝሙሩ ቀዝቀዝ አለ። ልናዘዝላት አፌን ብከፍት ምላሴ ደረቀብኝ።

«ሁለት ብር ጎድሎ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ጨለማ ሳትነቅል።

ዝም አልኩ።

«ማታ ማታ እቆጥረው ነበር እኮ። በማግሥቱ አሥር እንጀራ ጨምሬ ጋግሬ ሞላሁት።» ትንሽ ቆየችና፣ «ስለ ኳስ ብሎ ገብርኤል ልጅ አያስቀርም። አንተ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሳህ» አለችኝ።

ጃንጥላውን አስያዘችኝና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች።