የዋና ገንዳችሁን በነሐሴ ባዶ አታድርጉ

ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ለአንድ ደንበኛዬ የዋና ቤት ሠርቻለሁ። የጋሼ ፍላጎት ግልጽ ነበር። ሞቅ ባለ ውሃ መዋኘት ይፈልጋሉ፤ ከበረንዳቸው ሲያዩ ግን ሜዳው እንጂ ሌላ ሕንፃ መታየት የለበትም። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ቤቱን ቆፍሬ አስገባሁት። ሶሌታውን፣ የኮንክሪት ጣሪያውን ማለቴ ነው፣ አፈርና ሣር አለበስኩት። መስታወቱ ወደ ቁልቁል ብቻ ነው። ዛሬ ጣሪያው ላይ በግ ይግጣል፣ እኔም ባየሁት ቁጥር ደረቴ ይነፋል።

ፈቃድ ማውጣቱ አሰልቺ ነበር። የፈቃድ ክፍሉ ባለሙያ ፕላኑን አገላብጦ «ይሄ ቤዝመንት ነው። ታዲያ ከላዩ ያለው ቤት የታለ?» አለኝ። ያኔ በሠራንበት የሕንፃ አዋጅ 624/2001 መሠረት፣ ባለ አንድ ወለል ቢሆንም በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ካለፈ ሕንፃው ምድብ «ለ» ነበር። ገንዳውና ግራ ቀኝ ያለው መሄጃ 8 ሜትር ስለሆነ እዚያ ገባን። ስለ አጥር ጠየቀኝ። ስለ ጣሪያው ቀለም ጠየቀኝ (ሣር ነው አልኩት)። ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ግን ትንፍሽ አላለም። የአፈር ምርመራ ሳነሳማ «ለአንድ ወለል? ገንዘብ አታባክን» ብሎ መከረኝ። አትስሙ። ማንም ባይጠይቃችሁም አስመርምሩ።

አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ያብጣል፣ ውሃም አያሳልፍም። እሱን አውጥቶ ገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠራማ አፈር፣ መሙላት የተለመደ ነው፣ እኛም ሞላን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዋልካ መሃል የተሞላ ገረጋንቲ የዙሪያውን ውሃ ይሰበስባል፤ መውጫ ካላበጁለት እዚያው ያቁራል።

ለዚህ ብዬ ፕላኑ ላይ ሁለት ነገር አስገብቼ ነበር። አንዱ ከገንዳው ሥር ውሃውን ወደ ቁልቁል የሚያወጣ ባለ ቀዳዳ ቱቦ ነው። ሁለተኛው ከሥር ግፊት ሲመጣ የሚከፈት ቫልቭ፣ በገንዳው ወለል ላይ። ተቋራጩ ቱቦውን መውጫው ጋ ሳያደርስ ቀበረው። ቫልቩን ጭራሽ አላስገባም። ለምን ስለው «እንዴ ኢንጅነር፣ ገንዳ ላይ ቀዳዳ ይተዋል?» አለኝ። ይህን ሁሉ የተቆጣጠረው ሰውዬ «በፕላኑ መሠረት ተሠርቷል» ብሎ ፈርሞ ሄዷል።

ቫልቩ እንዴት ይግባ እያልን ስንጨቃጨቅ ነሐሴ መጣ። ሴራሚክ ለቀቀ ተብሎ፣ ሳይነግሩኝ፣ ገንዳውን ባዶ አደረጉት። ሂሳቡ ቀላል ነው። ከወለሉ ሥር ያለው ውሃ በ1 ሜትር ከፍታ በየካሬ ሜትሩ 1 ቶን ወደ ላይ ይገፋል። 20 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ደግሞ ግማሽ ቶን ገደማ ብቻ ነው። ገንዳው ሙሉ ሲሆን የራሱ ውሃ ይጫነዋል። ባዶ ሲሆን ጀልባ ነው። ጠዋት ዘበኛው ደውሎ «ወለሉ ተነፍቷል» አለኝ። ስደርስ መሃሉ አብጦ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል።

ወለሉን በስተን ውሃው እንዲተነፍስ አደረግን። ክረምቱ ሲያልፍ አፍርሰን እንደገና ሞላነው፣ በዚህኛው ቫልቭ አለው፣ ቱቦውም መውጫው ጋ ደርሷል። ተቋራጩ በአፈሩ አሳበበ። የፈቃድ ቢሮው «እኛ ያጸደቅነው ፕላኑን ነው» አለ። የተፈረመበትን ወረቀት ፊታቸው ባስቀምጥም ወይ ፍንክች! ወጪው ጋሼ ላይ ወደቀ። እስካሁን ያበግነኛል።

የአትክልቱ ነገር ቀለል ይላል። ለጣሪያው ከችግኝ ጣቢያ ሣር አትግዙ። ከቁፋሮው በፊት የገፈፍነውን የሜዳውን ሣር መለስነው፣ ሰርዶው ያዘ፣ በመስከረም አደይ ማንም ሳይዘራት ወጣች። የቱቦው መውጫ ላይ ትንሽ ኩሬ ቆፈርን። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አሁን ይመጣበታል። ባሕር ዛፉን ሁሉ ንቀሉ የሚሏችሁንም አልቀበልም። ገላጣው ላይ የተከልነውን የኮሶ ችግኝ ውርጭ ፈጀው። በባሕር ዛፉ ከለላ፣ ራቅ አድርገን የተከልነው ጽድና ወይራ ግን ቆሟል። እነሱ ሲጠኑ ያኔ ይቆረጣል።

ፓምፕ ክፍሉ በር ላይ «ከሰኔ እስከ መስከረም ገንዳው ባዶ አይደረግም» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌያለሁ። ጋሼ ቤቱን አበላሸኸው ይሉኛል። አላጠፋውም።